“ጠፋ” የተባለው ጥቅስ ግርጌ ላይ አለ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልን። የሐዋርያት ሥራ 8፥37 በአንዳንድ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ላይ በቦታው የለም። ቁጥሩ ከ36 ወደ 38 ይዘላል። ገጹን በስልክ ፎቶ አንሥቶ “ቃሉን ቆረጡት” ብሎ መላክ ቀላል ነው። እዚህ ጅማም ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረው እንዲህ ያለ ሥዕል ነው፤ ብዙ ምእመን ደንግጧል። የደነገጠውን ሰው ለማረጋጋት “ከመጽሐፍ ቅዱስ አንዲት ፊደል አልተለወጠችም” የሚሉ አገልጋዮችም አሉ። ሁለቱም ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ግን ከመድረክ ስለሚነገር የበለጠ ይጎዳል።

ጥያቄው በእኛ ከተማ ከሦስት አቅጣጫ ይመጣል። ሙስሊም ጎረቤታችን “መጽሐፋችሁ ተበርዟል” ይለናል። ኦርቶዶክሱ ወንድማችን “ሰማንያ አሐዱን ለምን ስድሳ ስድስት አደረጋችሁት?” ይላል። በገዛ ጉባኤያችን ደግሞ አንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላው በአማርኛ ስለሚያነብ ሁለቱ ቃል ሲለያዩ “ትክክሉ የቱ ነው?” ይባላል። ፕሮቴስታንት ለእነዚህ የሚሰጠው መልስ አዲስ አይደለም፤ ከ370 ዓመት በፊት ተጽፏል። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1646 የተጠናቀቀው የዌስትሚኒስተር የእምነት መግለጫ በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ በስምንተኛው አንቀጽ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ በቀጥታ በእግዚአብሔር መንፈስ የተጻፈው በእብራይስጥ ያለው ብሉይና በግሪክ ያለው አዲስ ኪዳን ነው። እግዚአብሔር በልዩ ጥበቃው በየዘመኑ አቆይቶታል። በሃይማኖት ክርክር ሁሉ የመጨረሻው ይግባኝ ወደ እርሱ ነው። ሕዝቡ ግን እነዚህን ቋንቋዎች ስለማያውቅ መጽሐፉ ወደ እያንዳንዱ ሕዝብ ቋንቋ ይተርጎም። እንግዲህ ትርጉም ሥልጣን አለው፤ ሥልጣኑ ግን ከምንጩ የተቀበለው ነው፤ ምንጩን በታማኝነት እስካስተላለፈ ድረስ የእግዚአብሔር ቃል ነው። አማርኛውና ኦሮምኛው ሲለያዩ አንዱ በሌላው ላይ ዳኛ አይሆንም። ሁለቱም ወደ ግሪኩ ወይም ወደ እብራይስጡ ይሄዳሉ። የእንግሊዝኛው የ1611 ትርጉምም እንደዚሁ ነው። አማርኛን በእንግሊዝኛ መመዘን ከራሱ ከፕሮቴስታንት መሠረት ጋር ይጋጫል፤ ይህን በኢንተርኔት ተምረው ወደ ጉባኤ የሚያመጡ ወጣቶች ሊያስቡበት ይገባል።

“አቆይቶታል” ሲባል ምን ማለት ነው? ፕሮቴስታንቶች ራሳቸው እዚህ ላይ ተሰናክለው ያውቃሉ። የጥንት እብራይስጥ የሚጻፈው ያለ አናባቢ ነበር። የእኛ ፊደል ከንጉሥ ዒዛና ዘመን በፊት እንዴት እንደነበር ያስቡ፤ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ የለም፤ አንባቢው ድምፁን ከልቡ ይጨምራል። በእብራይስጡ ከፊደሉ በላይና በታች የምናያቸውን የአናባቢ ነጥቦች የጨመሩት ማሶሬት የሚባሉት አይሁዳውያን ሊቃውንት ሲሆኑ፣ ሥራው የተፈጸመው ከክርስቶስ ልደት በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ፕሮቴስታንት ሉዊ ካፔል ይህን በ1624 በመጽሐፍ አሳየ። የስዊስ የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ግን በ1675 ባወጡት የስምምነት መግለጫ ነጥቦቹ ራሳቸው፣ ወይም ቢያንስ ድምፃቸው፣ በመንፈስ የተሰጡ ናቸው አሉ። አልጸናም፤ ጄኔቫ ራሷ በ1706 ተወችው። እነዚያ ሰዎች ቃሉን ወደው ነው የተሳሳቱት። ነገር ግን እምነትን ማስረጃ ሊያፈርሰው በሚችል አባባል ላይ አስረው ነበር፤ “አንዲት ፊደል አልተለወጠችም” ማለትም ያንኑ መንገድ መከተል ነው። ማቴዎስ 5፥18 ላይ ጌታ “አንዲት የውጣ ወይም አንዲት ነጥብ” ያለው የእግዚአብሔር ሕግ ሳይፈጸም እንደማይቀር ለመናገር ነው። ስለ እያንዳንዱ ገልባጭ እጅ ዋስትና አልሰጠም።

ገልባጭ ይደክማል። በአገራችን ቁም ጸሐፊ ሲሠራ ያየ ሰው ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። የሚያነብለት ሰው ድምፅ ካለ ጆሮ ያሳስታል፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እንደሚቀላቀሉብን ሁሉ በግሪክም በድምፅ የተቀራረቡ አናባቢዎች ነበሩ። ሮሜ 5፥1ን ይመልከቱ። የ1954 ዓ.ም. አማርኛ “ሰላምን እንያዝ” ይላል፤ ሌሎች ትርጉሞች “ሰላም አለን” ይላሉ። በግሪኩ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ፊደል ነው፤ አጭሩ “ኦ” ወይስ ረጅሙ። ተርጓሚዎቹ አልዋሹም፤ የተለያየ ንባብ ተከትለዋል።

ዓይንም ይዘላል። ሁለት መስመር በአንድ ዓይነት ቃል ሲያልቅ ገልባጩ የመጀመሪያውን ጽፎ ቀና ይላል፤ ሲመለስ ዓይኑ ሁለተኛው ላይ ያርፋል፤ መካከሉ ይቀራል። 1ኛ ዮሐንስ 2፥23 ላይ የሆነው ይኸው ነው። “በወልድ የሚታመን አብ ደግሞ አለው” የሚለው የጥቅሱ ሁለተኛ ክፍል በጥንታዊዎቹ ብራናዎች አለ፤ ከኋለኞቹ በብዙዎቹ ወድቋል። ስለዚህ የ1611ዱ እንግሊዝኛ ቃሉን ከሌላው ለይቶ በተለየ ፊደል አተመው። “አዲሶቹ ትርጉሞች ሁልጊዜ ይቀንሳሉ” ለሚል ሰው ይህን ጥቅስ እንዲገልጥ እንለምነዋለን፤ እዚህ ላይ ጥንታዊው ብራና የያዘው ይበልጣል።

ሦስተኛው ስሕተት ከፍቅር የሚመጣ ነው። ገልባጩ ማርቆስን በቃሉ ያጠና ስለሆነ ማቴዎስን ሲጽፍ የጎደለ ይመስለውና ይሞላዋል። ማቴዎስ 17፥21 ከማርቆስ 9፥29፣ ማቴዎስ 18፥11 ከሉቃስ 19፥10 እንዲህ የተሻገሩ ናቸው። ቃሉ በሌላው ወንጌል በሙላት ስላለ ምንም አልጠፋም። አራተኛው ደግሞ በኅዳግ የተጻፈ ማብራሪያ ወደ ገጹ ውስጥ መግባቱ ነው።

መጀመሪያ ያነሣነው የጃንደረባው ጥቅስ፣ የሐዋርያት ሥራ 8፥37፣ ከዚህ ከመጨረሻው ጋር ይገናኛል። “በፍጹም ልብህ ብታምን” የሚለው የፊልጶስ ቃልና የጃንደረባው ምስክርነት በሲና፣ በቫቲካንና በእስክንድርያ ብራናዎች የለም። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ከኋለኞቹ የግሪክ ብራናዎችም አብዛኞቹ እንደማይዙት ነው። በሌላ በኩል በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የነበረው የቤተ ክርስቲያን አባት ኢሬኔዎስ ያውቀዋል። የጥንት የጥምቀት ጥያቄና መልስ ስለሆነ ከሥርዓቱ ወደ ኅዳግ፣ ከኅዳግ ወደ ገጹ ሳይገባ አልቀረም። የግሪኩን አዲስ ኪዳን በኅትመት ያወጣው የሆላንዱ ሊቅ ኤራስመስ በአንድ ብራና ኅዳግ ላይ አግኝቶ፣ ገልባጮች በቸልታ ዘልለውት ነው ብሎ ገምቶ በ1516ቱ ኅትመት አስገባው። ጥምቀት ፈላጊን ይህን ጥያቄ መጠየቅ አይከለከልም፤ ሮሜ 10፥9 ያንኑ ያለ ምንም ክርክር ይናገራልና።

ኤራስመስን ካነሣን ሁለት ነገር እንጨምር፤ ብዙው ግርግር ከእርሱ ኅትመት ይጀምራልና። ለራእይ መጽሐፍ የነበረው የግሪክ ብራና አንድ ብቻ ነበር፤ የመጨረሻው ቅጠልም ጎድሎ ነበር። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ስድስት ቁጥሮች ከላቲን ወደ ግሪክ መልሶ ተረጎማቸው። ራእይ 22፥19 ላይ “የሕይወት ዛፍ” በሚለው ፈንታ “የሕይወት መጽሐፍ” የሚለው ንባብ የመጣው በዚህ መንገድ ከላቲኑ ነው። ሁለተኛው 1ኛ ዮሐንስ 5፥7-8 ላይ “በሰማይ የሚመሰክሩት አብ፣ ቃልና መንፈስ ቅዱስ” የሚለው ሐረግ ነው። በ1516ና በ1519 እትሞቹ አልነበረም፤ ክርክር ተነሥቶበት አንድ በቅርብ የተጻፈ የግሪክ ብራና ስለቀረበለት በ1522 አስገባው። የጥንት የግዕዝ ብራናዎች አያውቁትም፤ የሶርያውና የቅብጡም እንደዚሁ። ታዲያ ሥላሴ ምን ሆነ? ምንም። በ325 በኒቅያ የተከራከሩት አባቶች ይህን ሐረግ ሳይጠቅሱ ነው የተከራከሩት፤ ማቴዎስ 28፥19ም በቦታው ነው። ቢሆንም ከሙስሊም ወንድም ጋር ስለ ሥላሴ ሲነጋገሩ ይህን ሐረግ መጥቀስ ራስን ማሸነፍ ነው።

የንባብ ልዩነቶቹ በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። ጆን ሚል በ1707 ወደ 30,000 የሚጠጉ ልዩነቶችን አሰባስቦ ባሳተመ ጊዜ ያኔም ድንጋጤ ሆኖ ነበር። ቁጥሩ የሚበዛው ብራናው ስለበዛ ነው፤ አንድ ብራና ብቻ ቢኖረን ልዩነት ባልኖረ፣ የምናመሳክርበትም ባልነበረን። አብዛኛው የፊደል አጣጣልና የቃል ቅደም ተከተል ነው። ረጃጅሞቹ አጠራጣሪ ክፍሎች ሁለት ናቸው፦ ማርቆስ 16፥9-20 እና ዮሐንስ 7፥53 እስከ 8፥11፤ እያንዳንዳቸው 12 ቁጥር። የማርቆሱን በተመለከተ ለአገልጋዮች አንድ ቃል አለን። እባብ ስለ መያዝና መርዝ ስለ መጠጣት በሚናገረው በቁጥር 17-18 ላይ ብቻ ትምህርት አትሥሩ። ስለ መንፈስ ቅዱስ ስጦታ ማስተማር ለሚሻ ሐዋርያት ሥራ 2ና 1ኛ ቆሮንቶስ 12 ምንም ጥያቄ የለባቸውም። ይህ የሰው ሕይወት የሚነካ ጉዳይ ስለሆነ ነው አጥብቀን የምንናገረው።

ሊቃውንቱ ከንባቦቹ አንዱን የሚመርጡት በስሜት አይደለም። ብራና በዕድሜው፣ በመጣበት አገርና በዘመዶቹ ይመዘናል፤ ከአንድ እናት የተገለበጡ መቶ ብራናዎች አንድ ምስክር ናቸው። ከዚያም “ሌሎቹን ንባቦች ሊያስገኝ የሚችለው የትኛው ነው?” ተብሎ ይጠየቃል። ገልባጭ የከበደውን ያቀልላል እንጂ የቀለለውን አያከብድም፤ ስለዚህ የከበደው ንባብ ብዙ ጊዜ የቀደመው ነው። ይህን ሕግ ያስፋፋው ቤንገል የሚባል የጀርመን ሉተራን ነው፤ በ1734 አዲስ ኪዳንን በግሪክ ያሳተመ፣ አጥባቂ አማኝ ነበር። በፕሮቴስታንቶች መካከል የኤራስመስን መሥመር የሚከተለውን የታተመ ጽሑፍ ብቻ የሚቀበሉ፣ የብዙኃኑን ብራናዎች ንባብ የሚያስቀድሙ፣ እንደ አብዛኛው ሊቃውንትም ንባቡን አንድ በአንድ የሚመዝኑ አሉ። እኛ ከኋለኞቹ ጋር ነን፤ ነገር ግን ሦስቱም የሚያነቡት ወንጌል አንድ ነው።

በብሉይ ኪዳንም ማስረጃው ያጽናናል፤ ሐቀኝነትንም ያስተምራል። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት አንዱ ሙሉ የኢሳይያስ ጥቅልል ነው፤ ከ7 ሜትር በላይ ይረዝማል። በ1008 ገደማ ከተጻፈውና የማሶሬቶችን ንባብ ከያዘው የሌኒንግራድ ብራና በ1,000 ዓመት ይቀድማል። ሲተያዩ በአብዛኛው አንድ ናቸው። በኢሳይያስ 53፥11 ግን ጥቅልሉ “ብርሃንን ያያል” ይላል፤ “ብርሃን” የሚለው ቃል በማሶሬቱ የለም፤ በጥንታዊው የግሪክ ትርጉም በሰባ ሊቃናት አለ። መዝሙር 145ም እያንዳንዱ ቁጥር በእብራይስጥ ፊደል ተራ የሚጀምር ሆኖ ሳለ በማሶሬቱ የ“ኖን” ቁጥር ይጎድለዋል፤ ከቁምራን የተገኘው የመዝሙር ጥቅልልና ሰባ ሊቃናት ይዘውታል። 1ኛ ሳሙኤል 13፥1 ላይ ደግሞ የሳኦል ዕድሜ ቁጥር ከእብራይስጡ ወድቋል፤ ተርጓሚዎች ይህን በግርጌ ይናዘዛሉ። እንዲህ ያለ ኑዛዜ የሚያሳፍር አይደለም።

ጥበቃው ታዲያ የት ነው? በአንድ ብራና ወይም በአንድ ኅትመት አይደለም፤ በብዛቱና በመበተኑ ነው። መጽሐፉ ገና ከመጀመሪያው ወደ እስክንድርያ፣ ወደ ሶርያ፣ ወደ ሮም፣ ወደ አክሱም ስለተበተነ ሁሉንም ሰብስቦ የሚለውጥ ሥልጣን ያለው ማንም አልነበረም። ግዕዙም ከምስክሮቹ አንዱ ነው። ኢትዮጵያዊው መነኩሴ ተስፋ ጽዮን በ1548-49 በሮም የግዕዝ አዲስ ኪዳን አሳተመ፤ በ1657 የተፈጸመው የለንደኑ ባለ ብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ የግዕዙን ንባብ ከግሪኩ ጎን አሰለፈው። እነዚህን ብራናዎች በእሳትና በጦርነት መካከል ያቆዩልን የኦርቶዶክስ ገዳማት ናቸው፤ በዚህ ፕሮቴስታንት ሁሉ ባለዕዳ ነው። የአንድምታ መምህራንም “አብነት” እያሉ ሌላ መጽሐፍ የያዘውን ንባብ ሲጠቅሱ ኖረዋል። የግርጌ ማስታወሻ ከፈረንጅ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም።

ስለ ስድሳ ስድስቱና ስለ ሰማንያ አሐዱ እዚህ የምንለው ትንሽ ነው፤ ያ የቀኖና ጥያቄ እንጂ የንባብ ጥያቄ አይደለምና። የተሐድሶ መሪዎች በብሉይ የአይሁድን የእብራይስጥ ስብስብ ተከተሉ፤ የቀሩትን ግን አላቃጠሉም። የ1534ቱ የሉተር መጽሐፍ ቅዱስም የ1611ዱ እንግሊዝኛም በሁለቱ ኪዳናት መካከል ለብቻ አትመዋቸዋል።

ወደ ተግባሩ እንምጣ። መጽሐፍ ቅዱስ ስትገዙ ከሽፋኑ በፊት መቅድሙን ክፈቱ። ከየትኛው የእብራይስጥና የግሪክ እትም እንደተተረጎመ፣ ማን እንዳዘጋጀው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደታተመና ቅንፍ ምን እንደሚያመለክት መናገር አለበት። ከእነዚህ አራቱ አንዱም የሌለበትን ለግል ንባብ እንጂ ለትምህርት አትጠቀሙበት። ከዚያ ሐዋርያት ሥራ 8፥37፣ ሮሜ 5፥1፣ 1ኛ ዮሐንስ 2፥23ና 5፥7፣ ራእይ 22፥19፣ ሉቃስ 17፥36 እነዚህን ስድስት ቦታዎች ገልጣችሁ ግርጌውን አንብቡ፤ የያዛችሁት እትም የትኛውን መንገድ እንደሚከተል በሃያ ደቂቃ ታውቃላችሁ። የመጨረሻውን የጨመርነው የ1611ዱ እንግሊዝኛ ራሱ በኅዳጉ “ይህ ቁጥር በአብዛኞቹ የግሪክ ቅጂዎች የለም” ስለሚል ነው።

ሁለት ትርጉም ሲለያይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ልዩነቱ የብራና ነው ወይስ የትርጉም የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የትርጉም ነው። ዮሐንስ 3፥3 “ዳግመኛ” ተብሎም “ከላይ” ተብሎም ይተረጎማል፤ ብራናዎቹ አይለያዩም፤ አንዱ የግሪክ ቃል ሁለቱንም ይይዛል። ይህን ሳይለዩ “ተለወጠ” ማለት ተርጓሚን በሐሰት መክሰስ ነው።

ከሁሉ የከፋ ጉዳት ያየነው በስልክ ላይ ነው። ብዙ የስልክ መጽሐፍ ቅዱሶች ግርጌውን ይጥሉታል፤ ጽሑፉም ከድሮ የፊደል ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ሲገለበጥ ፊደል ይወድቃል፣ ይቀያየራል። ቁም ጸሐፊው በድካም የሠራውን ስሕተት አሁን ኮምፒውተር በአንዴ በሺህ ስልክ ላይ ይሠራዋል። አዘጋጆቹ የእትሙን ስምና ዓመት እንዲጽፉ፣ ግርጌውንም እንዲመልሱ እንጠይቃለን። ስብከት ከስልክ ገልብጦ የሚያዘጋጅ አገልጋይም ከታተመው ጋር ሳያመሳክር መድረክ ላይ አይውጣ።

ትርጉም ክቡር ሥራ ነው፤ እኛ ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል። በ1899 ስዊዘርላንድ ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር የደከመችው አስቴር ጋኖ ከዚሁ ከጅማ አጠገብ፣ ከሊሙ እናርያ በባርነት የተወሰደች ሴት ነበረች። ለእርሷ ድካም የሚገባው ክብር መጽሐፉን ከነግርጌው፣ ከነመቅድሙ ማንበብ ነው።

ለጋዜጣችሁም አንድ ልመና አለን። ጥቅስ ስታትሙ የየትኛው ዓመተ ምሕረት እትም እንደሆነ ጻፉ። የመዝሙርን ቁጥር ደግሞ ሁለቱንም አስቀምጡ። የእብራይስጡ መዝሙር 9ና 10 በግዕዙ ዳዊት አንድ ስለሆኑ ከዚያ ወዲያ ግዕዙ በአንድ ይቀንሳል፤ “እግዚአብሔር እረኛዬ ነው” በአንዱ 23፣ በሌላው 22 ነው። የእብራይስጡ 114ና 115 ይጋጠማሉ፣ 116 ለሁለት ይከፈላል፣ 147ም እንደገና ይከፈልና ከ148 እስከ 150 ቁጥሩ ይገጥማል። ባለፈው ጊዜ የተሳሳተ መዝሙር የገለጠ አንባቢ ካለ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል፤ በቅንፍ አንዲት ቁጥር ብትጨምሩለት ያገኘዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመጽሐፍ ቅዱስ መምህራን
ከጅማ